«አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል»፦ የሚመላለስ የዳታቤዝ ኮኔክሽንና ትራንዛክሽን ኤረርን ደረጃ በደረጃ ማጥፊያ

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ5 ላይ ስልኬ ይጮሃል። ደሴ ፒያሳ ያለ የጅምላ መደብር ገንዘብ ያዥ ናት። «አንተ ልጅ፣ ያ ነገር ደግሞ መጣ።» ምን አለሽ ስላት «ቀይ ነገር አሳየኝና ጠፋ፤ ሁለተኛ ስጫነው ሠራ» ትለኝና ትዘጋዋለች። ሎጉን (ሲስተሙ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) ስከፍት ምንም የለም።

ይህ መመሪያ እንዲህ ዓይነት ስልክ ለሰለቻችሁ ነው። አብዛኛው ሰው ሰርቨሩን ሪስታርት አድርጎ ይገላገላል፤ ኤረሩ ለሦስት ቀን ጠፍቶ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ ኮዱን ሁሉ «ካልሆነ እንደገና ሞክር» በሚል ይጠቀልለዋል። ይሄኛው ይብሳል። ኤረሩ ከስክሪን ይጠፋል፣ አንድ ሽያጭ ግን ሁለቴ ተመዝግቦ ይገኛል።

ምሳሌ የማደርገው ያንኑ ሲስተም ነው። መደብሩ ደሴ ነው፤ መጋዘኑ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብሎ ኮምቦልቻ። ዳታቤዙ አንድ ብቻ ነው፣ ደሴ ተቀምጧል። የኮምቦልቻዎቹ በኢንተርኔት ይገባሉ። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው፤ ፖስትግሬስ ለምትጠቀሙ ልዩነቱን በየቦታው እነግራችኋለሁ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ሪስታርት አታድርጉ። ሪስታርት ስታደርጉ ማን ማንን እንደያዘ የሚያሳየው ዝርዝር አብሮ ይጠፋል። ገበያው ቆሞ ባለቤቱ ራሳችሁ ላይ ከቆመ ግን ግድ ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ «ሾው ፕሮሰስሊስት» እና «ሾው ኤንጂን ኢኖዲቢ ስቴተስ» ብላችሁ ውጤቱን ፋይል ላይ አስቀምጡ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፖስትግሬስ ላይ «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ» የሚባለውን ሠንጠረዥ አስቀምጡ።

የምትገቡበት አካውንት የሌሎችን ኮኔክሽን ማየት መቻሉን አረጋግጡ። ማይኤስኪውኤል ላይ «ፕሮሰስ» የሚባል ፈቃድ ከሌላችሁ የሚታያችሁ የራሳችሁ ብቻ ነው። ሦስት መስመር አይታችሁ «ዳታቤዙ ባዶ ነው» ትላላችሁ።

ሰዓቱን አስተካክሉ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው እዚህ ይወድቃል። ገንዘብ ያዥዋ «2 ሰዓት ከ5» ስትል ሎጉ ላይ 8፡05 ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከተሞላ ደግሞ 5፡05 ይሆናል። እኔ አንድ ሙሉ ከሰዓት 2፡05 ላይ ያለ መስመር ስፈልግ ውያለሁ። የአፕሊኬሽኑንና የዳታቤዙን ማሽን ሰዓት አንድ አድርጉ። የሚደውልላችሁንም ሰው «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ባክአፕ ያዙ። እሱን መቼም አልነግራችሁም።

## ደረጃ 1፦ የኤረሩን ቁጥር ያዙ

«ዳታቤዝ ኤረር» የሚል መልእክት ምንም አይነግራችሁም። የሚያስፈልጋችሁ ቁጥሩ ነው። ኮዳችሁ ውስጥ ኤረሩን ይዞ ዝም የሚል ቦታ ካለ መጀመሪያ እሱን አውጡ። ከዚያ ሎጉ ላይ እነዚህ እንዲጻፉ አድርጉ፦

1. ሰዓቱ እስከ ሚሊሰከንድ
2. የዳታቤዙ የኤረር ቁጥር፣ ካለም ባለ 5 ፊደሉ ኮድ
3. የኮኔክሽኑ መለያ ቁጥር
4. ኤረሩ እስኪመጣ የፈጀው ጊዜ
5. ሲሠራ የነበረው ሥራ፤ ሽያጭ ነው፣ ዝውውር ነው ወይስ ሪፖርት

አራተኛውን አትዝለሉት። ወዲያው የመጣ ኤረርና 50 ሰከንድ ጠብቆ የመጣ ኤረር ዘመድ አይደሉም።

ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ምንም አትንኩ። አብሽሩ፣ መልሶ ይመጣል።

## ደረጃ 2፦ በሦስት ክምር ለዩ

የሰበሰባችሁትን ኤረር ቁጭ ብላችሁ ለዩ።

የመጀመሪያው ክምር በር ላይ የቀረ ነው። አፕሊኬሽኑ ኮኔክሽን ጨርሶ አላገኘም። ማይኤስኪውኤል 1040 ይላል፣ ፖስትግሬስ 53300። ወይም ዳታቤዙ ጋ ሳይደርስ የራሳችሁ ፑል (ኮኔክሽኖችን ከፍቶ ይዞ ለጠየቀው ሥራ የሚያውሰው) «ጠብቄ ጠብቄ ኮኔክሽን አጣሁ» ይላል።

ሁለተኛው መሃል ላይ የተበጠሰ ነው። ኮኔክሽን ነበረ፣ ሞተ። 2006 እና 2013 እዚህ ይገባሉ።

ሦስተኛው ኮኔክሽኑ ደህና ሆኖ ትራንዛክሽኑ (ወይ ሁሉም የሚጸድቅ ወይ ሁሉም የሚሰረዝ የትዕዛዞች ጥቅል) የተጣለበት ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ 1205 እና 1213 ናቸው። ፖስትግሬስ ላይ 40001፣ 40ፒ01 እና 25ፒ02።

የሦስቱ መድኃኒት ለየቅል ነው። የአንዱን ለሌላው ብትሰጡ ነገሩን ታባብሱታላችሁ። ስለዚህ በብዛት ከሞላው ክምር ጀምሩ፣ ሌላውን ለጊዜው ተዉት።

## ደረጃ 3፦ የተበጠሰ ኮኔክሽን

### ጠዋት ጠዋት ብቻ ከሆነ

የኛ ገንዘብ ያዥ ችግር ይሄ ነበር። ማይኤስኪውኤል «ዌይት ታይምአውት» የሚባል ቁጥር አለው። ካልተነካ 28800 ሰከንድ ነው፤ 8 ሰዓት ማለት ነው። ለዚህን ያህል ጊዜ ዝም ያለ ኮኔክሽን ይዘጋል። መደብሩ ማታ 12 ሰዓት ይዘጋና ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል። 14 ሰዓት ዝምታ። ፑሉ ግን ኮኔክሽኑ እንደተዘጋ አያውቅም። ጠዋት ለመጀመሪያዋ ሽያጭ የሞተ ኮኔክሽን አንስቶ ይሰጣል። እሱ ይወድቃል፣ ፑሉ ይጥለዋል፣ አዲስ ይከፍታል። ሁለተኛው ጠቅታ የሚሠራው ለዚህ ነው።

1. «ሾው ግሎባል ቫሪያብልስ» ብላችሁ ትክክለኛውን ቁጥር እዩ። «ግሎባል» የሚለውን አትርሱ። በእጅ የምትገቡበት ፕሮግራም የሚወስደው «ኢንተራክቲቭ ታይምአውት» የሚባለውን ሌላ ቁጥር ስለሆነ፣ ያለ «ግሎባል» ብታዩ ይሸውዳችኋል።
2. የፑላችሁን የኮኔክሽን ዕድሜ ከዚያ ቁጥር በታች አድርጉ። ሂካሪሲፒ (የጃቫ ፑል) ሳይነካ 30 ደቂቃ ነው፤ ይበቃል። ኤስኪውኤል አልኬሚ (የፓይተን ላይብረሪ) ላይ «ፑል ሪሳይክል» የሚባለው ነው።
3. ኮኔክሽኑ ከመሰጠቱ በፊት እንዲፈተሽ አድርጉ። ኤስኪውኤል አልኬሚ «ፑል ፕሪ ፒንግ» ይለዋል። ጃንጎም (የፓይተን ፍሬምወርክ) ከ4.1 ጀምሮ «ኮን ኸልዝ ቼክስ» አለው።

ዌይት ታይምአውቱን ወደ አንድ ሳምንት ማሳደግ መፍትሔ አይደለም። የሞቱትን ማንም የማይሰበስባቸው ይሆናሉ።

### ከአንዱ ቦታ ብቻ ከሆነ

ኮምቦልቻ የነበረው ሌላ ነው። እዚያ ኤረሩ ወዲያው አይመጣም። ስክሪኑ ይቆማል። መጋዘን ጠባቂው ሻይ ጠጥቶ ሲመለስም እንደቆመ ነው።

ምልክቱን ልብ በሉ። ሰርቨሩ ራሱ የዘጋው ኮኔክሽን ስትነኩት ወዲያው ይወድቃል። መንገድ ላይ ያለ ራውተር ወይም ፋየርዎል በዝምታ የረሳው ኮኔክሽን ግን ይንጠለጠላል። የላካችሁት ይሄዳል፣ የሚመልስ የለም፣ «ተዘግቷል» የሚልም የለም።

ራውተሩ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚረሳ በግምት አትድከሙ፣ ለኩት። ከኮምቦልቻው ኮምፒውተር አንድ ኮኔክሽን ክፈቱ። 1 ደቂቃ ጠብቁና «ሴሌክት 1» በሉ። ከዚያ 2፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 20። የተንጠለጠለበት ላይ አገኛችሁት። ከዚያ፦

1. ከዚያ ጊዜ ባጠረ ክፍተት ፑሉ ኮኔክሽኑን እንዲነካካው አድርጉ። ሂካሪሲፒ ላይ «ኪፕአላይቭ ታይም» ነው። የሊኑክሱን ቲሲፒ ኪፕአላይቭ አምናችሁ አትተኙ፤ ካልተነካ የመጀመሪያ ምልክቱን የሚልከው ከ7200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው።
2. የሶኬት ታይምአውት ስጡ። የማይኤስኪውኤል የጃቫ ድራይቨር ላይ ይህ ቁጥር ካልተነካ 0 ነው። 0 ማለት ያለገደብ ጠብቅ ማለት ነው። የሻይው ነገር ከዚህ ነው የመጣው። ግን ከረጅሙ ሪፖርታችሁ አታሳጥሩት፤ የወር መዝጊያ ሪፖርት 3 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ የ30 ሰከንድ ታይምአውት ይገድለዋል።

### ሁለቱም ካልሆነ

መብራቱን ጠይቁ። እየቀለድኩ አይደለም። መብራት ሄዶ ወደ ጄኔሬተር ሲዞር ራውተሩ ለአፍታ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ስላለው ማንም ልብ አይለውም። የራውተሩን የቆይታ ሰዓት እዩ። የዳታቤዙንም «ሾው ግሎባል ስቴተስ» ላይ «አፕታይም» የሚለውን እዩ። ካሰባችሁት ካጠረ ዳታቤዙ ራሱ ወድቆ ተነስቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማየት ያለባችሁ የሰርቨሩን ሜሞሪ ነው።

2006 ሁልጊዜ አንድ ሥራ ላይ ብቻ ከመጣ ደግሞ የዳታውን መጠን ጠርጥሩ። «ማክስ አላውድ ፓኬት» ከሚለው በላይ የሆነ ነገር ስትልኩ ሰርቨሩ ኮኔክሽኑን ይቆርጠዋል። ማይኤስኪውኤል 8 ላይ ሳይነካ 64 ሜጋባይት ነው። በስልክ የተነሳ የደረሰኝ ፎቶ ዳታቤዝ ውስጥ የሚከት ሰው ካለ አገኛችሁት።

## ደረጃ 4፦ በር ላይ የቀረ

ሰኞ ገበያ ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይሄኛው ነው። መጀመሪያ ወረቀት ላይ አባዙ። ማይኤስኪውኤል ካልተነካ 151 ኮኔክሽን ይቀበላል። ፖስትግሬስ 100፣ ከነሱም 3ቱ ለአስተዳዳሪ የተያዙ ናቸው። አሁን የናንተን ቁጠሩ። 2 ሰርቨር፣ በእያንዳንዱ 4 ፕሮሰስ፣ በእያንዳንዱ ፑል 20። 160 ሆነ። ሲስተሙ ቀዝቀዝ ባለ ቀን አይሞላም፤ ሰኞ ይሞላል። ፑል የሚቆጠረው በየፕሮሰሱ መሆኑን ሰው ይረሳል።

የዳታቤዙን ቁጥር ለማሳደግ አትቸኩሉ። ኤረሩ በተከሰተበት ሰዓት ፕሮሰስሊስቱን ክፈቱና ምን እየሠሩ እንደሆነ እዩ።

አብዛኞቹ «ስሊፕ» (ሥራ ፈትተው) ላይ ከሆኑና ሰዓታቸው ከረዘመ፣ ወይ ፑሉ ያለልክ ተለጥጧል ወይ ኮኔክሽን ወስዶ የማይመልስ ኮድ አለ። አብዛኞቹ ሥራ ላይ ከሆኑ ችግሩ የኮኔክሽን አይደለም፣ ቀርፋፋ ኩዌሪ ነው። ዳታቤዙ ላይ ጥቂት ኮኔክሽን ብቻ እያለ ፑሉ «አጣሁ» ካለ ደግሞ ሌባው ቤት ውስጥ ነው።

እኔ ያገኘሁት ሌባ የቀን ሪፖርት ፋንክሽን ነበር። ኮኔክሽን ይከፍታል። «የዛሬ ሽያጭ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሌለ «ሪፖርት የለም» ብሎ ይመለሳል። መዝጊያው መስመር ያለው ከዚያ በታች ነው። ሽያጭ በሌለበት ሰዓት ሪፖርት በተጫኑ ቁጥር አንድ ኮኔክሽን ይበላል። ገና በሩን ሳይከፍቱ ሪፖርት መጫን የሚወድ ሰው ነበረ፤ ማን እንደሆነ አልናገርም።

1. ኮኔክሽን የሚከፈትበትን ቦታ ሁሉ ፈልጉ። ፓይተን ከሆነ «ዊዝ»፣ ጃቫ ከሆነ «ትራይ» ከነመዝጊያው፣ ሌላ ከሆነ «ፋይናሊ» ውስጥ አስገቡት።
2. ሂካሪሲፒ ከሆነ «ሊክ ዲቴክሽን ትሬሾልድ» 60 ሰከንድ አድርጉ። ኮኔክሽን ወስዶ ያልመለሰውን የኮድ መስመር ሎጉ ላይ ይጽፍላችኋል።
3. ፑሉን አሳንሱ። ሂካሪሲፒ ሳይነካ 10 ነው። ለአንድ መደብርና ለአንድ መጋዘን 10 ብዙ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማይኤስኪውኤል ሞልቶ እንኳ ለአስተዳዳሪ አንድ ተጨማሪ ቦታ ይተዋል። አፕሊኬሽናችሁ በሩት አካውንት የሚገባ ከሆነ ግን ያቺንም እሱ ይወስዳታል። ሲሞላ እናንተም ውጭ ትቀራላችሁ። ለአፕሊኬሽኑ የራሱን አካውንት ስጡት፣ ዛሬውኑ።

## ደረጃ 5፦ የተጣለ ትራንዛክሽን

### 1205 እና 1213ን አታምታቱ

1213 ዴድሎክ ነው፤ ሁለት ትራንዛክሽኖች አንዱ የያዘውን ሌላው እየጠበቀ ተፋጥጠዋል። ማይኤስኪውኤል ከሁለቱ አንዱን መርጦ ትራንዛክሽኑን በሙሉ ይመልሰዋል። ምንም አልተሠራም፣ ንጹሕ ነው።

1205 ግን ሎክ (ሌላ ትራንዛክሽን አንድ መስመር ላይ ያደረገው ቁልፍ) እስኪለቀቅ ሲጠብቅ ሰዓቱ አለፈበት ማለት ነው፤ ካልተነካ 50 ሰከንድ ነው። እዚህ ላይ የሚመለሰው የመጨረሻው ትዕዛዝ ብቻ ነው። ትራንዛክሽኑ ክፍት እንደሆነ ነው፣ ከዚያ በፊት የሠራችሁትም እንዳለ ነው። ኮዳችሁ ኤረሩን ሎግ አድርጎ ወደ ኮሚት (ማጽደቂያው ትዕዛዝ) ከሄደ ግማሹ ሥራ ይጸድቃል። የኛ መደብር ላይ ሽያጩ ተመዝግቦ ስቶኩ ሳይቀነስ ይቀር ነበር። እኔና መጋዘን ጠባቂው አንድ እሁድ ሙሉ ኮምቦልቻ ስኳር በኩንታል ስንቆጥር ዋልን። ሲስተሙ ከመጋዘኑ 11 ኩንታል ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ምንም ኤረር ቢመጣ ሮልባክ አድርጉ፤ ትራንዛክሽኑን በሙሉ ሰርዙት ማለት ነው። ፖስትግሬስ እዚህ ጋ ጨካኝ ነው፣ ደግ አደረገ። አንዴ ኤረር ከመጣ ሮልባክ እስክትሉ ሌላውን ትዕዛዝ ሁሉ በ25ፒ02 ይመልሰዋል። 25ፒ02 ካያችሁ እዚያው መስመር ላይ አትቆፍሩ፤ ሎጉን ወደ ላይ ሂዱ፣ ጥፋተኛው ከሱ በፊት የመጣው ኤረር ነው።

### ያዡን ፈልጉ

1205 የደረሰበት ተበዳይ ነው። ጥፋተኛው ሎኩን ይዞ የተቀመጠው ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ «ሲስ» ውስጥ «ኢኖዲቢ ሎክ ዌይትስ» የሚለውን እዩ፤ ማን ማንን እንዳገደ ጎን ለጎን ያሳያል። ፖስትግሬስ ላይ «ፒጂ ብሎኪንግ ፒድስ» አለ። «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ» ላይ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» የሚል ካያችሁ ትራንዛክሽን ከፍቶ የጠፋ ሰው ነው።

ብዙ ጊዜ የምታገኙት ኮድ እንዲህ ያለ ነው። ትራንዛክሽን ይከፍታል፣ ስቶክ ይቀንሳል፣ ለደንበኛው ኤስኤምኤስ ይልካል፣ ከዚያ ኮሚት ያደርጋል። ኔትወርኩ ደከም ካለ ኤስኤምኤሱ 40 ሰከንድ ይፈጃል። ለ40 ሰከንድ ያቺን የስኳር መስመር ማንም አይነካትም። ኤስኤምኤስ፣ ፕሪንተር፣ የባንክ ጥሪ፣ የፋይል ጭነት ከትራንዛክሽን ውጭ ይሁኑ። ኮሚት አድርጉ፣ ከዚያ ላኩ።

### ዴድሎክ ከሆነ

ደሴ ያለው ሽያጭ መጀመሪያ ስኳር ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ዘይት። ኮምቦልቻ ያለው ዝውውር መጀመሪያ ዘይት፣ ቀጥሎ ስኳር። አንዱ ስኳሩን ይዞ ዘይት ይጠብቃል፣ ሌላው ዘይቱን ይዞ ስኳር። ጠባብ ድልድይ ላይ የተፋጠጡ ሁለት አይሱዙዎች ናቸው፤ አንዱ ካልተመለሰ ሁለቱም አያልፉም።

1. ከማዘመናችሁ በፊት ዕቃዎቹን በመለያ ቁጥራቸው ደርድሩ። ሁሉም ኮድ በአንድ ቅደም ተከተል ይሂድ። የኛ ዴድሎክ የጠፋው በዚህች አንድ መስመር ነው።
2. «ኢኖዲቢ ፕሪንት ኦል ዴድሎክስ»ን አብሩ። ያለዚያ የሚታያችሁ የመጨረሻው ዴድሎክ ብቻ ነው።
3. ማዘመኛው የሚፈልግበት ዓምድ ላይ ኢንዴክስ (መፈለጊያ ማውጫ) መኖሩን እዩ። ኢንዴክስ ከሌለ ማይኤስኪውኤል በተለመደው አሠራሩ እየቃኘ ያለፈባቸውን መስመሮች ሁሉ ይቆልፋል። አንድ ዕቃ ነካሁ ስትሉ መጋዘኑን በሙሉ ዘግታችኋል።

## ደረጃ 6፦ «እንደገና ሞክር»ን በልኩ

አሁን ነው የምትጽፉት፣ ከዚህ በፊት አይደለም።

እንደገና የሚሞከረው 1213፣ 40001 እና 40ፒ01 ነው። 1205ም ሮልባክ ካደረጋችሁ በኋላ ይቻላል። የሚደገመው ሙሉ ትራንዛክሽኑ ነው፣ ከማንበቡ ጀምሮ። የወደቀውን ትዕዛዝ ብቻ ከደገማችሁ በአሮጌ ቁጥር ላይ ትሠራላችሁ። 3 ጊዜ ይበቃል። በመሃል 100፣ 200፣ 400 ሚሊሰከንድ ጠብቁ፤ ትንሽ የዘፈቀደ ቁጥርም ጨምሩበት። ያለዚያ ሁለቱ እኩል ተመልሰው እንደገና ይጋጫሉ። ላይብረሪያችሁ ራሱ የሚደግም ከሆነ የናንተ 3 እና የሱ 3 ተባዝቶ 9 እንደሚሆን አስቡ።

አደገኛው ኮሚት ላይ የተበጠሰ ነው። ኮሚት ልካችሁ 2013 መጣ። ዳታቤዙ ተቀብሎት ይሁን አይሁን ከኤረሩ አይታወቅም። ዝም ብላችሁ ብትደግሙ ደንበኛው ሁለቴ ሊገዛ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያዥዋ «ሽጥ»ን ስትጫን ዳታቤዙ ጋ ሳይደርስ ለሽያጩ አንድ መለያ ቁጥር ፍጠሩለት። ዓምዱን «ዩኒክ» (አንድ ቁጥር ሁለቴ የማይቀበል) አድርጉት። በምትደግሙበት ጊዜ ያንኑ ቁጥር ላኩ። ዳታቤዙ «ይሄ አለ» ብሎ ከመለሰ የመጀመሪያው ገብቷል፤ ለገንዘብ ያዥዋ «ተመዝግቧል» በሏት።

## ደረጃ 7፦ ራሳችሁ አበላሹት

ሰኞን አትጠብቁ። የሙከራ ማሽን ላይ ዌይት ታይምአውቱን 60 ሰከንድ አድርጉ፣ 2 ደቂቃ ጠብቁ፣ ሽጡ። ማለፍ አለበት። ሽያጭ መሃል ላይ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ። ሁለቴ መመዝገብ የለበትም።

ለዴድሎክ ሁለት መስኮት ክፈቱ፦

1. በሁለቱም ትራንዛክሽን ጀምሩ።
2. በመጀመሪያው ስኳርን አዘምኑ፣ በሁለተኛው ዘይትን።
3. በመጀመሪያው ዘይትን አዘምኑ። ይቆማል።
4. በሁለተኛው ስኳርን አዘምኑ። ከሁለቱ አንዱ ወዲያው 1213 ያገኛል።

ይህ በእጅ ሲሠራ የሚመጣውን ቅርጽ ያሳያችኋል። ከዚያ ያንኑ በኮዳችሁ፣ ዕቃዎቹን በተለያየ ቅደም ተከተል አስገብታችሁ ሞክሩት። መምጣት የለበትም።

አሁንም ካልጠፋ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ አንድ ኮኔክሽን በሁለት ትሬድ ወይም ከፎርክ በኋላ በሁለት ፕሮሰስ እየተጋራ ሊሆን ይችላል፤ ኤረሩ በየጊዜው መልኩን የሚቀያይር ከሆነ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ማይኤስኪውኤል ላይ ትራንዛክሽን መሃል ሠንጠረዥ የሚፈጥር ወይም የሚቀይር ትዕዛዝ ካለ ሳይነግራችሁ ኮሚት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሮልባክ ብትሉ የሚመለስ ነገር የለም።

ስትጨርሱ ያሳጠራችሁትን 60 ሰከንድ ወደ ቦታው መልሱት። እኔ በሙከራው ፈንታ ዋናው ሰርቨር ላይ ረስቼው አድሬ፣ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከ5 ላይ የደወለው ከኮምቦልቻ ነበር።